ከፊት የተቈጠሩ ቍስሎች፦ የጦረኛን ጀግንነት ስለ ማክበር ከሙእታ ዘገባዎች

በለቅሶ ቤት የሚቀመጥ ኢማም ደጋግሞ የሚገጥመው ጥያቄ አለ። ልጃቸው በጦር ሜዳ የወደቀባቸው አባት፣ ዱዓው ካበቃና ሰው ሁሉ ወደ ቡናው ከዞረ በኋላ፣ ወደ ኢማሙ ጠጋ ብለው በዝግታ «ሸኻችን፣ ልጄ ሸሂድ ነው?» ይላሉ። ጥያቄው ከላዩ ሲታይ የፊቅህ ጥያቄ ነው። ከሥሩ ግን ሌላ ጥያቄ አለ፤ ልጄ ያደረገው ከንቱ ቀርቷል ወይስ የሚመሰክርለት ሰው አለ? የሚል። «አዎን፣ ሸሂድ ነው» ብሎ በእርግጠኝነት መናገር ሰው የማያውቀውን ማወጅ ነው። «አላህ ያውቃል» ብሎ ዝም ማለት ደግሞ፣ ቃሉ እውነት ቢሆንም፣ ልቡ ለተሰበረ ሰው ፊት እንደ ማዞር ሆኖ ይሰማል። በመድረሳ የሚያስተምረው መምህርም ከዚሁ ጋር የሚዛመድ ችግር አለበት፤ የሶሓባዎችን ጀግንነት ለልጆች ሲተርክ ትረካው ወደ ተረት እንዳያመዝን፣ ከዚያም በላይ ልጆቹ ጀግንነትን ከሰይፍ ጋር ብቻ እንዳያያይዙት ይሠጋል።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድ መኖሩን ለማሳየት አንድ ዘመቻና የዘመቻውን ዘገባዎች እንመረምራለን። ዘመቻው በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ (629 እ.ኤ.አ.) በሙእታ የተደረገው ነው። ሙእታ የምትገኘው በዛሬዋ ዮርዳኖስ፣ ከከረክ ከተማ አጠገብ ነው፤ በዚያ ከወደቁት ሦስት አዛዦች ሁለተኛው ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ናቸው። የጃዕፈርን ታሪክ የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ስለ እርሳቸው ጀግንነት የተላለፉት ዘገባዎች በዓይን ከተያዩት እስከ ተሰሙት ልዩ ልዩ ደረጃ ያላቸው ስለሆኑ ለመምህር ጥሩ መለማመጃ መሆናቸው ነው። ሁለተኛው፣ ከዚያ ቀን በፊት ከአሥር ዓመት በላይ የኖሩት በእኛ ምድር በመሆኑ፣ ልጆቻቸውም የተወለዱት በሐበሻ በመሆኑ ነው።

ሰይፍ ያልነበረበት ቀን

ጃዕፈርን የምናውቃቸው በመጀመሪያ በነጃሺ አደባባይ ነው። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብን አቢ ረቢዓን ከስጦታ ጋር ልከው ስደተኞቹን ለማስመለስ በሞከሩ ጊዜ፣ ለሙስሊሞቹ ቃል አቀባይ ሆነው የቆሙት እርሳቸው ነበሩ። ታሪኩን ያስተላለፉልን በቦታው የነበሩት ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ናቸው። ከሁሉ የከበደው ሁለተኛው ቀን ነበር። ዐምር ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ.) እንዲጠየቁ አደረገ። ስደተኞቹ በሌሊቱ ተመካከሩና፣ የመጣው ይምጣ፣ ከአላህና ከነቢያቸው የሰሙትን ብቻ እንጂ ሌላ እንደማይናገሩ ወሰኑ። በነጋም ጃዕፈር በንጉሡና በቀሳውስቱ ፊት ዒሳ የአላህ ባሪያና መልእክተኛ መሆናቸውን ሳያለሳልሱ ተናገሩ።

ያ ቀን ለጦር ሜዳው ጀግንነት መግቢያ ሆኖ መነገር አለበት ብዬ አምናለሁ። መጠጊያ በሌለው አገር፣ በአንድ ቃል የሚመለሱበትም የሚጠበቁበትም ሰዓት ላይ ቆሞ ያመኑትን መናገር፣ ጦር ይዞ ከመቆም የሚያንስ ድፍረት አይጠይቅም። የሙእታው ጃዕፈር በድንገት የተገኘ ሰው አልነበረም። ልጆች «ጃዕፈር ማን ነበር?» ሲባሉ «እጁ የተቈረጠው» ከማለታቸው በፊት «በነጃሺ ፊት የተናገረው» ቢሉ፣ መምህራቸው ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

ጃዕፈር ከሐበሻ የተመለሱት በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ኸይበር በተከፈተበት ወቅት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በኸይበር መከፈት ይበልጥ ደስ ይበላቸው ወይስ በጃዕፈር መምጣት መለየት እንደተሳናቸው መናገራቸው ተላልፏል። ባለቤታቸው አስማእ ቢንት ዑመይስም (ረ.ዐ.)፣ ዑመር (ረ.ዐ.) በሂጅራ እንደቀደሟቸው በተናገሯቸው ጊዜ አልተቀበሏቸውም፤ ነገሩን ወደ ነቢዩ አድርሰው የመርከቡ ሰዎች ሁለት ሂጅራ እንዳላቸው የሚያረጋግጥ መልስ አገኙ። ከዚያ በኋላ በመዲና አብረው የኖሩት አንድ ዓመት ያህል ብቻ ነው።

ምን ታየ፣ ማን ቈጠረ?

ዘመቻው የተነሣው ወደ ቡስራ ገዥ ደብዳቤ ይዘው ይሄዱ የነበሩት መልእክተኛ አል ሓሪስ ኢብን ዑመይር አል አዝዲ በመገደላቸው እንደሆነ አል ዋቂዲ ዘግቧል። ሦስት ሺህ ሰው ተላከ። ነቢዩ ዘይድ ኢብን ሓሪሳን አዛዥ አድርገው ሾሙ፤ ዘይድ ቢወድቁ ጃዕፈር፣ ጃዕፈር ቢወድቁ ዐብዱላህ ኢብን ረዋሓ እንዲተኩ አዘዙ። ከፊታቸው የገጠማቸውን የሩምና የዐረብ ጦር የሲራ ጸሐፊዎች ሁለት መቶ ሺህ ያደርሱታል። ይህን ቍጥር መምህሩ «የሲራ ጸሐፊዎች እንዳሉት» ብሎ ቢያልፈው ይሻላል፤ የሦስቱ አዛዦች ጽናት በጠላት ብዛት ላይ የቆመ አይደለምና፣ ጦሩ ከተባለው እጅግ ቢያንስ እንኳ የሚቀነስላቸው ነገር የለም።

ስለ ጃዕፈር አወዳደቅ ሦስት ዓይነት ዘገባ በእጃችን አለ። ልዩነታቸውን ማወቅ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ስለሆነ ቀስ ብለን እንያቸው።

የመጀመሪያው ኢብን ሂሻም ያቆየው ነው። ዓርማውን በቀኝ እጃቸው ያዙ፣ ተቈረጠ፤ በግራ ያዙ፣ ተቈረጠ፤ በክንዳቸው ጕማጅ አቅፈው እስኪወድቁ ድረስ አልለቀቁትም። በየሚምበሩ የሚነገረው ይህ ነው። ኢብን ሂሻም ይህን የነገረውን የዕውቀት ሰው እንደሚያምነው ይገልጻል፤ ስሙን ግን አይጠቅስም። ሁለተኛው አቡ ዳውድ የመዘገበው ሲሆን፣ በዘመቻው ተካፋይ ከነበረ ከበኒ ሙራ ጎሣ ሰው የመጣ ነው፤ ጃዕፈር ከፈረሳቸው ወርደው የፈረሱን ጅማት ቈርጠው በእግራቸው እስኪገደሉ መዋጋታቸውን ይናገራል። አቡ ዳውድ ራሱ ከሥሩ ሐዲሱ ጠንካራ አለመሆኑን ጽፏል።

ሦስተኛው የቡኻሪ ነው፤ ተራኪው ዐብዱላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ.) ሲሆኑ በዘመቻው ውስጥ ነበሩ። በአንዱ ዘገባ፣ ከወደቁት ጃዕፈር አጠገብ ቆመው የጦርና የሰይፍ ቍስላቸውን ሲቈጥሩ አምሳ እንዳገኙና ከእነዚያ አንዱም በጀርባቸው ላይ እንዳልነበረ ይመሰክራሉ። በሌላው ዘገባ ጃዕፈርን ከሞቱት መካከል ፈልገው ማግኘታቸውን፣ በሰውነታቸው ላይም ከዘጠና በላይ የጦርና የፍላፃ ቍስል መቈጠሩን ይናገራሉ። ኢብን ሐጀር ሁለቱን ቍጥሮች ሲያስማማ ከሚያቀርባቸው አማራጮች አንዱ፣ ጭማሪው በመጀመሪያው ዘገባ ያልተጠቀሰው የፍላፃ ቍስል ሊሆን ይችላል የሚል ነው።

የኢብን ዑመርን ምስክርነት ደግመን እንመልከተው። «ጀግና» የሚል ቃል የለበትም። «አንበሳ»ም የለበትም። ያለው ቍጥርና ቦታ ብቻ ነው፤ አምሳ፣ ከጀርባ አንድም የለም። ከዚህ የበለጠ ውዳሴ ግን አይገኝም፤ ፊታቸውን ወደ ጠላት እንዳዞሩ መውደቃቸውን ሰውነታቸው ራሱ መስክሯልና። የወደቀን ሰው ማክበር እንዴት እንደሚጀመር ይህ ያሳየናል፤ ሄዶ ማየት፣ ማግኘት፣ መቈጠር የሚችለውን መቍጠር፣ ያዩትንም ሳይጨምሩ መናገር።

ይህ ማለት የኢብን ሂሻምን ዘገባ መተው አለብን ማለት አይደለም። ዑለማእ በሲራና በፈዷኢል ጉዳይ ሰፋ ያለ መንገድ ይዘዋል። ሆኖም መምህሩ ሲተርክ የዓይን ምስክሩን ቃል አስቀድሞ ሌላውን «እንዲህም ተላልፏል» ብሎ ቢያስከትል፣ ልጆቹ ከጀግንነቱ ጋር እውነትን መመዘንንም ይማራሉ። አብዛኛውን ጊዜ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው፤ የተቈረጡትን እጆች እናስቀድማለን፣ አምሳው ቍስል ጭራሽ አይነሣም።

ምስክር ያለው ክብር

ሙእታ የተደረገው በጁማደል ኡላ ነው። በዚያው ዓመት በረመዳን መካ ተከፈተች፣ በሸዋልም የሑነይን ውጊያ ሆነ። በሑነይን የተፈጸመ አንድ ጉዳይ የተዋጊ ድርጊት በሕግ ፊት እንዴት እንደሚከበር ስለሚያሳይ እዚህ ላይ እንጠቅሰዋለን።

ውጊያው ሲያበቃ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጠላቱን የገደለና ማስረጃ ያለው ሰው የተገደለው ሰው ትጥቅ፣ ማለትም ሰለቡ፣ ለእርሱ እንደሆነ አወጁ። አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ተነሥተው የሚመሰክርላቸው ሰው እንዳለ ጠየቁ፤ መልስ ሲያጡ ተቀመጡ። ዳግመኛ ተነሡ፣ ዳግመኛ ተቀመጡ። በሦስተኛው ነቢዩ ምን እንደሆኑ ሲጠይቋቸው ነገሩን ዘረዘሩ። ያን ጊዜ አንድ ሰው ትጥቁ በእርሱ እጅ መሆኑን አመነ፤ ሆኖም አቡ ቀታዳን በሌላ ነገር እንዲያስደስቱለት ነቢዩን ለመነ። አቡ በክር (ረ.ዐ.) ይህን ተቃወሙ፤ ነቢዩም የአቡ በክርን ቃል አጽድቀው ትጥቁ ለባለ መብቱ እንዲሰጥ አደረጉ። አቡ ቀታዳ ጥሩሩን ሸጠው በበኒ ሰሊማ ሠፈር የአትክልት ቦታ ገዙበት፤ በእስልምና ያፈሩት የመጀመሪያ ንብረትም ያ እንደነበር ይናገራሉ።

በዚህ ሐዲስ ላይ የመዝሀብ ሊቃውንት ተለያይተዋል። በሻፊዒዮች ዘንድ ሰለብ የገዳዩ የጸና መብት ነው፤ መሪው ቢያውጅም ባያውጅም ይገባዋል። በሐነፊዮችና በማሊኪዮች ዘንድ ግን የመሪው ውሳኔ ነው፤ ካልፈቀደ በጠቅላላው ምርኮ ውስጥ ይገባል። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት ነው፤ ለጀግንነት በዚህ ዓለም ዋጋ መስጠት ኢኽላስን የሚቃወም ነገር አይደለም። «ለአላህ ብሎ የሠራ ከሰው ምንም አይጠብቅ» በሚል ሰበብ የተዋጊን ድርሻና ስም ማስቀረት ከነቢዩ መንገድ የመጣ አይደለም። በዙ ቀረድ ሰለማ ኢብኑል አክወዕ (ረ.ዐ.) የተነዱትን ግመሎች በእግራቸው ሮጠው ባስመለሱ ጊዜ፣ ነቢዩ ከእግረኞች ሁሉ የላቁ መሆናቸውን በሰው ፊት ተናገሩላቸው፤ የእግረኛና የፈረሰኛ፣ ሁለት ድርሻ ሰጧቸው፤ እስከ መዲናም በግመላቸው ላይ ከኋላቸው አፈናጠጧቸው።

ሰለማ ፍላፃ በወረወሩ ቍጥር «እኔ የአክወዕ ልጅ ነኝ» እያሉ ይፎክሩ ነበር። የአገራችን ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል፤ ፉከራን ማን ያስተምረዋል! አቡ ዱጃናም (ረ.ዐ.) በኡሑድ ቀይ መጠምጠሚያ አሥረው በሁለቱ ጦሮች መካከል ሲንጎራደዱ፣ ነቢዩ ይህ አካሄድ አላህ የሚጠላው መሆኑን፣ ከእንዲህ ያለ ቦታ በቀር፣ መናገራቸውን ኢብን ኢስሓቅ ዘግቧል። ፉከራ ቦታው ውጊያው ነው። ከውጊያው በኋላ በሰላም ሠፈር፣ በጎረቤት ላይ ሲፎከር ግን ሌላ ነገር ይሆናል፤ ኢማሞቻችን ሊያስተውሉት ይገባል።

ክብሩ የማይሸፍነው

ከዐብዱላህ ኢብን ረዋሓ መውደቅ በኋላ ዓርማውን የያዙት ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ.) ናቸው። በዚያ ቀን ዘጠኝ ሰይፍ በእጃቸው ተሰብሮ አንድ የየመን ሰይፍ ብቻ እንደ ቀረላቸው ራሳቸው ተናግረዋል፤ ቡኻሪ ዘግቦታል። ነቢዩ በመዲና ሆነው የሦስቱን መውደቅ ሲያረዱ ዓይኖቻቸው ያነቡ ነበር፤ ኻሊድንም ከአላህ ሰይፎች አንዱ ብለው ጠሯቸው። ሠራዊቱን ከጥፋት አውጥተው መመለሳቸው እንደ ድል ተቈጠረላቸው።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በዚያው በ8ኛው ዓመት፣ ኻሊድ ወደ በኒ ጀዚማ ተላኩ። የጎሣው ሰዎች መስለማቸውን በሚገባ ቃል መግለጽ ተስኗቸው በሌላ አነጋገር ተናገሩ፤ ኻሊድ ግን ገደሉ፣ ማረኩም። ወሬው ሲደርስ ነቢዩ እጆቻቸውን አንሥተው ኻሊድ ከሠሩት ሥራ ንጹሕ መሆናቸውን ለአላህ ሁለት ጊዜ ተናገሩ። በሲራ እንደተጻፈውም ዐሊይ (ረ.ዐ.) ተልከው የሟቾቹን የደም ካሣና የጠፋውን ንብረት ከፈሉ። የሙእታው ማዕረግ ከኻሊድ አልተነሣም፤ የበኒ ጀዚማ ደምም በማዕረጉ አልተሸፈነም። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆሙ።

በየዘመኑ የሚሳሳቱት ሁለት ወገኖች ናቸው። አንዱ ጀግና ያለውን ሰው ጥፋት መስማት አይፈልግም፤ ሌላው በአንድ ጥፋት ጀግንነቱን ሁሉ ይፍቃል። በአንድ ዓመት ውስጥ የተፈጸሙት እነዚህ ሁለት ክንውኖች ሁለቱንም ያርማሉ። ኢማሙ ስለ አንድ ወታደር ጽናት ሲናገር ያልታጠቁ ሰዎች ላይ የተፈጸመን በደል አብሮ ማክበር እንደሌለበት ያሳስባሉ፤ መብታቸው የተነካ ሰዎችም በዚያው ጁምዓ ከፊቱ ተቀምጠው ሊሆን ይችላልና።

የተመለሱትም ጉዳይ አለ። ኢብን ኢስሓቅ እንደዘገበው፣ ሠራዊቱ መዲና ሲደርስ አንዳንድ ሰዎች አፈር እየበተኑ «ሸሽታችሁ መጣችሁ» አሏቸው፤ ነቢዩ ግን ሸሺዎች ሳይሆኑ፣ አላህ ከፈቀደ፣ ተመልሰው የሚገጥሙ መሆናቸውን ተናገሩላቸው። ሰለማ ኢብን ሂሻም የተባሉት ሶሓባ ወደ ውጭ በወጡ ቍጥር ይህ ስድብ ስለሚከተላቸው ለሶላት እንኳ መውጣት ትተው ቤት መዋላቸው አብሮ ተዘግቧል። ኢብን ከሲር በዘገባው ላይ ጥያቄ አንሥቷል፤ ስለዚህ እንደ ሲራ ወሬ እንጂ እንደ ቡኻሪ ሐዲስ አንይዘውም። ሆኖም የሚያነሣው ጉዳይ እውነተኛ ነው። በሕይወት የተመለሰ ወታደር፣ በተለይ ጓደኞቹን ቀብሮ የተመለሰ፣ ለምን እንደተመለሰ የሚጠይቅ ዓይን ይከተለዋል። ከመስጊድ የራቀ እንዲህ ያለ ሰው በየሠፈሩ ቢኖር፣ ቤቱ ሄዶ መጠየቅ የኢማሙ ሥራ ነው።

«ሸሂድ» ስለሚለው ቃል

ቡኻሪ በጂሃድ ኪታቡ ውስጥ፣ እገሌ ሸሂድ ነው ከማለት መቈጠብን የሚመለከት ራሱን የቻለ ባብ አኑሯል። በውስጡ ያስገባው ሐዲስ ከሰህል ኢብን ሰዕድ (ረ.ዐ.) የመጣ ነው። በአንድ ውጊያ ከሙስሊሞች ወገን የሆነ ሰው የሚያስደንቅ ውጊያ ተዋጋ፤ ሰዎችም በዚያ ቀን እንደ እርሱ የጠቀመን የለም አሉ። ነቢዩ ግን የእሳት ሰው መሆኑን ተናገሩ። አንድ ሶሓባ ነገሩን ለማወቅ በሄደበት ተከተለው። ሰውየው ክፉኛ ሲቈስል ሕመሙን መታገሥ አቅቶት በገዛ ሰይፉ ራሱን ገደለ። ሙስሊም ደግሞ፣ በቂያማ ቀን መጀመሪያ ከሚፈረድባቸው ሦስት ሰዎች አንዱ፣ ጀግና እንዲባል ብሎ የተዋጋና የተባለለት ሰው መሆኑን ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ያስተላለፈውን ሐዲስ መዝግቧል።

እነዚህ ሐዲሶች በሐዘንተኛ ፊት የሚነበቡ አይደሉም። ይህን አጥብቄ የምናገረው ቦታቸውን ሳይለዩ የሚያነቧቸው ስላሉ ነው። የተነገሩት በሕይወት ላለ ሰው፣ ኒያውን እንዲመረምር ነው። ለሟች ቤተ ሰብ ቢነገሩ፣ ተናጋሪው ባያስበውም፣ ሟቹን እንደ መክሰስ ይሆናሉ፤ ይህም ሌላው የማያውቁትን የማወጅ መልክ ነው። የሟቹን ኒያ አናውቅም ማለት መልካም መሆኑን አናውቅም ማለት ብቻ ሳይሆን፣ መጥፎ መሆኑንም አናውቅም ማለት ነው።

አን ነወዊ ሸሂድን በሦስት ይከፍላሉ። በዱንያም በአኺራም ሸሂድ የሆነ አለ፤ በአኺራ ብቻ ሸሂድ የሆነ፣ ለምሳሌ በወረርሽኝ ወይም በሆድ በሽታ የሞተ አለ፤ በዱንያ ሕግ ብቻ ሸሂድ የሚባል፣ ውስጡ ግን ለአላህ ያልነበረ አለ። ፈቂሆች በጦር ሜዳ ሸሂድ ሆኖ የወደቀ አይታጠብም ሲሉ፣ ይሰገድበታል ወይስ አይሰገድበትም በሚለው ሻፊዒዮችና ሐነፊዮች ሲለያዩ፣ የሚናገሩት ከውጭ ስለሚታየው ብቻ ነው፤ ማጠብና አለማጠብ ጀነትን አይወስንም። ስለ ጃዕፈር ግን ነቢዩ በጀነት ከመላእክት ጋር በክንፍ ሲበሩ እንዳዩአቸው ተናግረዋል። ያ ምስክርነት ከወሕይ የመጣ ነው። እኛ ስለ ሰዎቻችን እንዲህ መናገር አንችልም፤ እንዳንናገር መከልከላችን ግን ክብራቸውን አይቀንስም።

እንግዲህ ለእኒያ አባት ምን ይባላል? ዑመር (ረ.ዐ.) በኹጥባቸው ሰዎች ለእያንዳንዱ ሟች ሸሂድ ማለታቸውን ነቅፈው፣ በአላህ መንገድ የሞተ ወይም የተገደለ በጀነት ነው የሚለውን ጠቅላላ ቃል እንዲናገሩ አዘዋል። ከዚህ ተነሥቶ ኢማሙ «አላህ ከሹሃዳእ ይመድብልዎ» ቢል ዱዓ አደረገ እንጂ ፍርድ አልሰጠም። ነገር ግን እዚያ ላይ ባይቆም ይሻላል። ጦርነቱ ለምን ተነሣ፣ በየትኛው ወገን የወደቀ በአላህ መንገድ ወደቀ ይባላል የሚለው ራሱን የቻለ ከባድ ጉዳይ ነው፤ ለቅሶ ቤትም የሚፈታበት ቦታ አይደለም። ንብረቱን፣ ነፍሱን፣ ቤተ ሰቡን ሲከላከል የተገደለ ሸሂድ መሆኑን የሚናገሩ ሐዲሶች ግን ተስፋውን ሰፋ ያደርጉታል።

ከዚያም ኢማሙ አባትየውን ስለ ልጃቸው ይጠይቅ። የት ወደቀ? አብሮት የነበረ ሰው አለ? ምን አየሁ አለ? የቈሰለ ጓደኛ ተሸክሞ ነበር? ውሃውን ለሌላ ሰጥቶ ነበር? የጦር ጓዱ ካለ ይጠራ፣ በሰው ፊት ያየውን ይናገር። አቡ ቀታዳ ሦስት ጊዜ ተነሥተው የፈለጉት ምስክር ነበር፤ የሞተው ግን ለራሱ መነሣት አይችልም። የኢማሙ ድርሻ ምስክሩን ፈልጎ ማስነሣት ነው።

የጃዕፈር ቤት

አስማእ ያን ቀን የነበረውን ራሳቸው ተርከዋል። ቆዳ አልፍተው፣ ሊጥ አቡክተው፣ ልጆቻቸውን አጥበውና ቅባት ቀብተው ነበር። ነቢዩ ገቡና የጃዕፈርን ልጆች እንዲያመጡላቸው ጠየቁ። ልጆቹን አቅርበው አሸተቷቸው፤ ዓይኖቻቸውም እንባ አቀረሩ። አስማእ ከጃዕፈርና ከጓደኞቻቸው የተሰማ ነገር እንዳለ ሲጠይቋቸው በዚያ ቀን መውደቃቸውን ነገሯቸው። ዓኢሻም (ረ.ዐ.) በበር ስንጥቅ ሲመለከቱ ነቢዩ ተቀምጠው ሐዘኑ ከፊታቸው ይነበብ እንደነበር ይናገራሉ። ለጀግና አይለቀስም የሚል አነጋገር በየአገሩ አለ፤ በነቢዩ ቤት ግን ለጃዕፈር ተለቅሷል።

ከዚያ የመጀመሪያው ትእዛዝ ስለ ምግብ ነበር። የጃዕፈር ቤተ ሰብ ሐዘን ስለያዛቸው ሌላው ሰው ምግብ እንዲሠራላቸው ነቢዩ አዘዙ። ፈቂሆች ጎረቤት ለሐዘንተኛ ምግብ ማቅረቡ ሱና ነው፤ ሐዘንተኛው ለመጣው ሰው ድግስ መደገሱ ግን የተጠላ ነው የሚሉት ከዚህ በመነሣት ነው። በብዙ ቦታችን ነገሩ ተገልብጦ የወታደሩ እናት ለለቅሶኛ ስትበደር እናያለን። እኒያ አስማእ ያቦኩት ሊጥ በማን እጅ ተጋገረ ብሎ ማሰብ ለዚህ በቂ መልስ ነው።

በሦስተኛው ቀን ነቢዩ ተመልሰው መጡ፤ ከዚያ ቀን በኋላ በወንድማቸው ላይ እንዳያለቅሱ ነገሯቸው፤ የወንድማቸውንም ልጆች አስጠሩ። ከልጆቹ አንዱ ዐብዱላህ በኋላ ሲያስታውሱት ልክ እንደ ጫጩት ሆነው መቅረባቸውን ይናገራሉ። ነቢዩ ፀጉር ላጪ አስጠርተው ራሳቸውን አስላጯቸው። የኢማም አሕመድ ዘገባ ይቀጥላል፤ ነቢዩ ሙሐመድ የተባለው ልጅ አያቱን አቡ ጧሊብን፣ ዐብዱላህም በመልክና በጠባይ ራሳቸውን እንደሚመስል ተናገሩ፤ የዐብዱላህን እጅ ይዘውም በንግዱ በረካ እንዲያገኝ ዱዓ አደረጉለት። እናታቸው የልጆቹን የቲምነት ሲያነሡ፣ በዱንያም በአኺራም አሳዳጊያቸው እርሳቸው ሆነው ሳለ ድህነት እንዴት እንደሚያሠጋቸው ጠየቋቸው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ለልጆቹ «አባታችሁን ተበቀሉ» የሚል ቃል አልተነገራቸውም፤ የተለመነላቸው በገበያ የሚሳካ እጅ ነበር።

ጃዕፈርን የሚያስታውሱ ሌሎችም ነበሩ። አቡ ሁረይራ በረሃብ ዘመናቸው ከሰው ሁሉ ለድኾች የተሻሉት ጃዕፈር እንደነበሩ መስክረዋል፤ ቤታቸው ወስደው ያለውን ያበሏቸው ነበር፤ ምንም ሲጠፋ ባዶውን የቅቤ ቅል ያወጡላቸውና ቀደው የተጣበቀውን ይልሱ ነበር። ኢብን ዑመርም አምሳውን ቍስል ከቈጠሩ ከዓመታት በኋላ፣ የጃዕፈርን ልጅ በመንገድ ባገኙት ቍጥር ሰላምታ የሚሰጡት በስሙ አልነበረም፤ «የባለ ሁለት ክንፉ ልጅ» ብለው ነበር።